ያልተጠየቀ ብድር

የመጀመሪያ ሥራዬ ብድር መመዝገብ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ በተመደብኩበት ወረዳ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በዱቤ የሚወስዱ ገበሬዎችን ስም፣ የኩንታሉን ብዛትና ዕዳው የሚከፈልበትን ወር እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት የፈለገ መጥቶ ይመዘገባል። በሁለተኛው ዓመት ቁጥሩ ከላይ ተቆርጦ ይወርድልን ጀመር። ይህ ቀበሌ ይህን ያህል ኩንታል ያነሣል ይባላል፤ ያላስነሣ ባለሙያ በግምገማ ይጠየቃል። አንድ ሽማግሌ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝና፣ “ልጄ፣ ያልጠየቅሁህን ዕዳ ለምን ትጽፍብኛለህ?” አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቢሆንም አስፈረምኳቸው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ወጣ፤ ጥር ላይ ሽማግሌው ዕዳቸውን ለመክፈል ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጡ። አንድ በሬ የቀረው ገበሬ በሚቀጥለው ክረምት የማን ደጅ እንደሚጠና ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን ለዓመታት ለማንም አልተናገርኩም። አፌን የፈታው ለሁለተኛ ዲግሪ ቻይና ሄጄ ናንጂንግ ስኖር ታሪኩን ያነበብኩት አንድ የጥንት ሹም ነው። ዋንግ አንሺ ይባላል። በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ዛይሺያንግ ነበር፤ በእኛ አነጋገር ጠቅላይ ሚኒስትር ብንለው ይቀርባል፣ ከእሱ በላይ ንጉሠ ነገሥቱ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋንግ አንሺ በ1021 ተወለደ። የቤተሰቡ አገር ሊንቹዋን ነው፣ ዛሬ ጂያንግሺ በሚባለው የደቡብ ክፍለ ሀገር። አባቱ ከአውራጃ አውራጃ የሚዛወር መካከለኛ ሹም ስለነበር ልጁ ያደገው በየመንገዱ፣ በየወንዙ ዳር ባሉ የሹመት ከተሞች ነው። አባትየው በ1039 ጂያንግኒንግ ላይ ሞተ፤ ጂያንግኒንግ ማለት ያው የዛሬዋ ናንጂንግ ናት። ቤተሰቡ እዚያው ቀረ። ወጣቱ በ1042 የመንግሥቱን ከፍተኛ የሹመት ፈተና አራተኛ ሆኖ አለፈ። በዚያ ዘመን ከመላ ቻይና ለዚህ ፈተና ከሚቀመጠው ሕዝብ መካከል አራተኛ መውጣት ማለት የፈለጉትን በር የሚያስከፍት ነገር ነበር። እንደ እሱ ያለ ወጣት ዋና ከተማዋ ካይፌንግ ውስጥ፣ ቤተ መንግሥቱ አጠገብ የክብር ቦታ ጠይቆ ይገባል። እሱ አልጠየቀም። በ1047 ይን የምትባል ወረዳ ገዥ ሆኖ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ፤ የዛሬዋ ኒንግቦ አካባቢ ናት።

እኔን የያዘኝ ይህች ወረዳ ናት። ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያተኩረው በካይፌንግ ዓመታቱ ላይ ነው፤ እኔ ግን ደጋግሜ የምመለሰው ወደ ይን ነው። እዚያ እንደደረሰ ወንዞቹና ቦዮቹ ለዓመታት ሳይጠረጉ በደለል መሞላታቸውን አየ። በየመንደሩ ራሱ ዞረ፤ ገበሬውን አስተባብሮ ቦይ አስቆፈረ፣ ግድብ አስጠገነ። ቀጥሎ የጎተራውን በር ከፈተ። በቻይና የጸደይ ወራት እኛ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የምናውቀው ችግር አለ፤ አሮጌው እህል ያልቃል፣ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው። በዚያ ክፍተት ገበሬው አራጣ አበዳሪ ዘንድ ይሄዳል፣ አራጣውም የተበደረውን እጥፍ እስከማድረግ ይደርሳል። መክፈል ያቃተው መሬቱን ያጣል። የመንግሥት ጎተራ ግን እዚያው አጠገቡ እህሉ እያረጀበት ተቀምጧል። ዋንግ አንሺ ያንን አሮጌ እህል በጸደይ ለገበሬው አበደረ፣ ሲታጨድ ከትንሽ ወለድ ጋር በአዲስ እህል አስመለሰ። ገበሬው ከአራጣ ዳነ፣ ጎተራውም አዲስ እህል አገኘ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሐሳቡ የገባኝ ወዲያው ነበር፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመት ልሠራ የፈለግሁት ይህንኑ ነበርና።

ከይን በኋላ ወደ ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቤተ መንግሥቱ ሲጠራው አብዛኛውን ጥሪ እንቢ አለ። ትልልቆቹ ሰዎች፣ በዘመኑ በጽሑፍ አንደኛ የነበረው ኦውያንግ ሽዩ ጭምር፣ ይህ ሰው ይሾም እያሉ ያመለክቱለታል፤ እሱ ግን የማስተዳድረው ቤተሰብ አለኝ፣ አገር ቤት ልሥራ እያለ ይመለሳል። የሶንግ ታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ነገር መዝግበዋል። ከንጉሡ ዘንድ የሚያገለግልበት ሹመት ተጽፎ ሲመጣለት አልቀበልም አለ። መልእክተኛው እየሰገደ ሲከተለው ሽንት ቤት ገብቶ ተደበቀ። መልእክተኛው ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሊሄድ ሲል ወጥቶ እያሯሯጠ መለሰለት። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ የእንቢታ ደብዳቤ ጽፏል። ለይስሙላ እንቢ የሚል ሰው ሽንት ቤት ድረስ አይሄድም ብዬ አምናለሁ።

የሰውየውን ጠባይ ለማወቅ ሌላ ታሪክ አለ። ካይፌንግ ውስጥ የንጉሡን አዋጆች በሚጽፍበት ጊዜ ሚስቱ ወይዘሮ ዉ፣ በዘመኑ የሹማምንት ልማድ መሠረት፣ አንዲት ወጣት ቁባት ገዛችለት። ሴትዮዋ ፊቱ ስትቀርብ “አንቺ ማነሽ?” ብሎ ጠየቃት። እመቤቲቱ እንዳገለግልዎ አዘዙኝ አለችው። የማን ቤተሰብ እንደሆነች ጠየቃት። ባሏ የጦር ሠራዊት ሰው ነበር፣ የመንግሥት ሩዝ በጀልባ ሲያጓጉዝ ጀልባው ጠፋበት፤ የቤታቸው ዕቃ ሁሉ ተወርሶ ዕዳው ስላልሞላ እሷን ሸጣት። ዋንግ አንሺ ፊቱ ጠቆረ። በስንት ገዛችሽ ሲል ጠየቀ፤ በ900,000 የመዳብ ሳንቲም አለችው። ባሏን አስጠርቶ እንደ ድሮው ባልና ሚስት ሆነው እንዲኖሩ አደረገ፣ ገንዘቡንም ሙሉ በሙሉ ተወላቸው። ይህን የጻፈው ከወዳጆቹ ወገን የሆነ ሰው አይደለም፤ ሻኦ ቦዌን የተባለ፣ የዋንግ አንሺን ሕጎች አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነው። ስለዚህ አምነዋለሁ። ዕዳ ሰው ሆኖ ፊቱ ቆመ፣ እሱም ዕዳውን ቀደደ።

ልብሱ ቆሻሻ፣ ፀጉሩ ያልተበጠረ ነበር ይላሉ። ምግብ ላይ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን ሳህን ብቻ በልቶ ይነሣል፤ ምን እንደበላ እንኳ አያውቅም። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረታችን ለዚህ ሰው አይሠራም። ጠላቶቹ ሥልጣኑን፣ ግትርነቱን፣ ሐሳቡን ለአንድ ሺህ ዓመት ሲከሱ ኖረዋል፤ ሌባ ነው ያለው ግን የለም።

በ1067 ሼንዞንግ የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ነገሠ። የወረሰው መንግሥት ከሩቅ ሲያዩት ሀብታም ነው፣ ካዝናው ግን ባዶ ነበር። በ1040ዎቹ የሠራዊቱ ቁጥር ከ1.2 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ያም ሁሉ ወታደር ተይዞ ለሰሜኑ የሊያኦ መንግሥት ሰላም ለመግዛት በየዓመቱ 200,000 ሊያንግ ብርና 300,000 ጥቅል ሐር ይላካል፤ አንድ ሊያንግ 40 ግራም ገደማ ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ የታንጉቶች መንግሥት ሺ ሺያ አለ፣ እሱም ድርሻውን ይቀበላል። ወጣቱ ንጉሥ ይህ ውርደት ከነከነው። ዋንግ አንሺ ከዓመታት በፊት ለአያቱ ለሬንዞንግ የላከውን፣ በኋላ ‘የአሥር ሺህ ፊደል ማመልከቻ’ የተባለውን ጽሑፍ ያውቃል። በ1068 አስጠራው፤ በዚህ ጊዜ ዋንግ አንሺ አልተደበቀም። አገር ለማስተዳደር ምን ይቀድማል ሲል ጠየቀው። መንገዱን መምረጥ፣ አለ ዋንግ አንሺ። እንደ ታንግ ታይዞንግ ብሆንስ ሲለው (ታይዞንግ ከሁሉ የሚወደስ ንጉሥ ነው)፣ ታይዞንግ ምን ያደርግልዎታል፣ ያኦንና ሹንን ይምሰሉ እንጂ አለው። ያኦና ሹን የቻይና ጥንታዊ አባቶች፣ የፍትሕ ምሳሌዎች ናቸው። ለ20 ዓመት ወጣት እንዲህ ያለ ነገር መንገር እሳት መለኮስ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ንጉሡ ፊት፣ ዋንግ አንሺና ሲማ ጉዋንግ የሚባል ሌላ ሹም ስለ ገንዘብ ተከራከሩ። ሁለቱ የቆዩ ወዳጆች ነበሩ። በወጣትነታቸው አብረው በአንድ መሥሪያ ቤት ሳሉ አለቃቸው ባኦ ዠንግ አበባ ሊያሳይ ጋብዟቸው ወይን አቀረበ። ሁለቱም መጠጥ አይወዱም። ሲማ ጉዋንግ አለቃው ሲለምነው እምቢ ማለት ከብዶት ጠጣ፤ ዋንግ አንሺ ግን ግብዣው እስኪያልቅ ጠብታ አልቀመሰም። ያኔ ነው ይህ ሰው እንደማይታጠፍ ያወቅሁት ብሏል ሲማ ጉዋንግ በኋላ። በንጉሡ ፊት የተነሣው ጥያቄ፣ የመንግሥት ገቢ ግብር ሳይጨመር ሊያድግ ይችላል ወይ የሚል ነበር። ዋንግ አንሺ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ካገኘ ይችላል አለ። ሲማ ጉዋንግ ደግሞ ሰማይና ምድር የሚያወጡት ሀብት የተወሰነ ነው፣ ሕዝቡ ዘንድ ከሌለ መንግሥት ዘንድ አለ፤ ግብር ሳይጨምሩ ገቢ መጨመር ማለት በሌላ ስም ከሕዝቡ መንጠቅ ነው አለ። ይህን ክርክር መጀመሪያ ሳነብ ዋንግ አንሺ ልክ ነው ብዬ ነበር። ቦይ የገባለት መሬት ካልገባለት የበለጠ ያመርታልና ሀብት ያድጋል። አሁንም በዚያ ነጥብ ልክ ነው እላለሁ። ሲማ ጉዋንግ የተናገረው ግን ስለ መሬቱ አልነበረም፤ ስለ ሰብሳቢው ነበር።

በ1069 ምክትል ሆኖ፣ በ1070 መጨረሻ ደግሞ ዋና ሹም ሆኖ ሕጎቹ በየወሩ ይጎርፉ ጀመር። የመንግሥት ግዢና ማጓጓዣ፣ የመስኖ ሥራ፣ የመንደር ጥበቃ፣ የመሬት ልኬታ፣ የፈረስ እርባታ፣ የከተማ ንግድ ብድር። በፈተናውም ከግጥም ይልቅ የጥንት መጻሕፍትን ማስረዳት እንዲቀድም አደረገ፤ ራሱ በዘመኑ ካሉት ታላላቅ ገጣሚዎች አንዱ ሆኖ ሳለ። መስኖውን በሚመለከት የተያዘው ቁጥር አስደናቂ ነው፦ በ1070 እና በ1076 መካከል 10,793 ሥራዎች ተከናውነዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም። እኔ የምናገረው ስለ አንዱ፣ በ1069 መስከረም ላይ ስለወጣው ነው። ስሙ የአረንጓዴ ቡቃያ ሕግ ይባላል።

ሕጉ የይን ወረዳ ጎተራ ነው፣ አገር ያህል ሆኖ። የመንግሥት ጎተራዎች ካፒታል፣ ገንዘቡም እህሉም፣ ተሰብስቦ ለገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በበጋ፣ በብድር እንዲሰጥ ተደረገ። ሲታጨድ ከግብሩ ጋር ይመለሳል። ወለዱ በእያንዳንዱ ዙር 20 በመቶ ነው። ለእኛ ዘመን ጆሮ ይከብዳል፣ ከአራጣው አንጻር ግን እፎይታ ነው። ገበሬዎቹ በቡድን ተደራጅተው አንዱ ላንዱ ዋስ ይሆናል፣ የቡድኑ ራስ ደግሞ ሀብት ያለው ሰው ነው። ሕጉ በግልጽ ‘የፈለገ ብቻ ይውሰድ፣ ማንም አይገደድ’ ይላል።

የፈለገ ብቻ። እነዚህን ሁለት ቃላት ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ከቤተ መጻሕፍቱ ወጣሁ። እኛም መመሪያችን ላይ ነበሩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ዋንግ አንሺ ሕጉን የሚያስፈጽሙ ሹማምንት ወደየክፍለ ሀገሩ ላከ። የእነዚህ ሰዎች ዕድገት የሚለካው ስንት እንዳበደሩና ስንት እንዳስመለሱ ነው። ማበደርም ማስመለስም ያለበት ሹም ለማን ያበድራል? መክፈል ለሚችለው ነዋ። በ1070 መጀመሪያ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ሃን ቺ በሰሜን ካለው ክፍለ ሀገር ከሄቤይ ሆኖ ለንጉሡ ጻፈ። ይህ ሃን ቺ ዋንግ አንሺ ገና ወጣት ሳለ ያንግዡ ላይ አለቃው የነበረ ነው። በሄቤይ የወጣውን ተመን ጠቀሰ፦ በመጨረሻው የድህነት ደረጃ ያለ ቤተሰብ 1.5 ሺህ ሳንቲም ይበደራል፣ በአንደኛው ደረጃ ያለ ሀብታም 15 ሺህ። ማለትም ምንም የማያስፈልገው ሰው፣ የሚያስፈልገው ሰው ከሚወስደው አሥር እጥፍ ይወስዳል። ሀብታሙ ያልፈለገውን ብድር ወለዱን እንዲከፍልና ለድሃው ዋስ እንዲሆን ይገደዳል። ባስ ብሎ ለከተማ ነዋሪዎችም እየታደለ ነበር። ንጉሡ ደብዳቤውን ይዞ ለሚኒስትሮቹ አሳየ፤ ሃን ቺ በእውነት ታማኝ ሰው ነው፣ እኔ ይህ ነገር ሕዝቡን የሚጠቅም መስሎኝ ነበር፤ ለመሆኑ ከተማ ውስጥ ምን ቡቃያ አለ፣ ሹማምንቱ በግድ የሚሰጡት? አለ።

ከከተማ ውስጥ ምን ቡቃያ አለ። ይህ ወጣት ንጉሥ ጥርት ያለ አእምሮ ነበረው፤ ነገሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ገባው። ዋንግ አንሺስ? ከፈለጉት ለከተሜ መስጠት ምን ጉዳት አለው ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ታምሜአለሁ ብሎ ቤቱ ገባ። ንጉሡ ያለ እሱ መሥራት ስላልቻለ ለምኖ መለሰው። ሕጉም ቀጠለ።

በዚያው ዓመት ሲማ ጉዋንግ ለወዳጁ ከ3,000 ፊደል በላይ የሆነ ደብዳቤ ጻፈለት። አራት ክስ ነበረበት፦ የሌላውን ሥልጣን ትነጥቃለህ፣ ነገር ትፈጥራለህ፣ ትርፍ ታሳድዳለህ፣ ምክር አትሰማም። የዋንግ አንሺ መልስ ከ400 ፊደል አይበልጥም። እያንዳንዱን ክስ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥላል፤ ምክር አትሰማም ለሚለው የሰጠው መልስ፣ የተሳሳተ ነገርን መቃወም ምክር አለመስማት አይደለም የሚል ነው። ቻይናውያን ተማሪዎች ይህን ደብዳቤ የጥሩ ጽሑፍ ምሳሌ አድርገው ይማሩታል፣ በእርግጥም ውብ ነው። እኔ ግን ባነበብኩት ቁጥር ያዝናል ልቤ። በይን ወረዳ ሳለ የትኛው ቦይ እንደተደፈነ ለማወቅ በእግሩ የሚዞር ሰው ነበር። አሁን አራት ክስ ይቀርብለታል፣ እሱም አራቱንም በክርክር ያሸንፋል። ሄቤይ ላይ በሬውን የሚሸጠው ገበሬ ክርክር ውስጥ የለም።

ሕዝቡ ‘ግትሩ ሚኒስትር’ ብሎ ስም አወጣለት። ሲማ ጉዋንግ ካይፌንግን ትቶ በ1071 ሉዎያንግ ተቀመጠ፣ የታሪክ መጽሐፉን ሊጽፍ። ገጣሚው ሱ ሺም ተቃውሞ ወደ ሃንግዡ ሄደ። አንድ በአንድ ሁሉም ሄዱ፣ የቀሩት ደግሞ ‘አዎ’ የሚሉት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ሉ ሁዊቺንግ፣ ከፉጂያን የመጣ ብልህ ሰው፣ የሁሉም ሕግ አርቃቂ ነበር። ይህ ሰው በኋላ በዋንግ አንሺ ላይ ይነሣበታል።

ከ1073 መኸር ጀምሮ በሰሜን ቻይና ዝናብ ጠፋ። ወሩ አለፈ፣ ሌላው ወር አለፈ። ገበሬው እየተሰደደ ወደ ካይፌንግ ጎረፈ። የከተማዋን አንሻንግ በር የሚጠብቅ ዠንግ ሺያ የሚባል ወጣት ሹም ነበር። ወጣቱ ዋንግ አንሺን የሚያከብር፣ ጂያንግኒንግ ሳለ እሱ ዘንድ የተማረ ነው። በሩ ላይ ቆሞ በየቀኑ የሚያልፉትን ያያል፦ ልጅ ያዘሉ፣ የዛፍ ቅርፊት የሚበሉ፣ ለመንግሥት ዕዳ ብለው የቤታቸውን እንጨት ነቅለው የሚሸጡ። ለመምህሩ ጻፈ፣ መልስ አላገኘም። ያየውን ሁሉ በሥዕል አስቀመጠ። በደንቡ መንገድ ቢልከው እንደማይደርስ ያውቃልና አስቸኳይ የጦር መልእክት ነው ብሎ በፈረስ ፖስታ ሰደደው። አብሮት የነበረው ደብዳቤ፣ ሕጎቹ ተነሥተው በአሥር ቀን ውስጥ ዝናብ ካልጣለ በሹዋንዴ በር ፊት ራሴ ይቆረጥ ይላል። እኛ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” እንላለን፤ ይህ በር ጠባቂ አንገቱን አስይዞ ሁለቱንም ሞከረ።

ሼንዞንግ ሥዕሉን ደጋግሞ አየው፣ ደጋግሞ ተነፈሰ፣ እጅጌው ውስጥ ከትቶ ወደ መኝታው ገባ። ያን ሌሊት አልተኛም። በማግሥቱ 18 እርምጃዎች እንዲቆሙ አዘዘ። የሶንግ ታሪክ በሦስተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ ይላል። ዋንግ አንሺ ሥልጣን ለቀቀ። ዠንግ ሺያ ያለ ፈቃድ የፈረስ ፖስታ ተጠቅሟል ተብሎ ተከሰሰ፤ ቆይቶም ወደ ሩቅ ደቡብ ተጋዘ። ሕጎቹም አብዛኞቹ ወዲያው ተመለሱ።

ስለዚህ ሥዕል ብዙ አስቤአለሁ። ሥዕሉ ዛሬ በእጃችን የለም። ግን አንድ ንጉሥ ለአምስት ዓመት የተቆለለ ሪፖርት ሲነበብለት ተኝቷል፤ የሰው ፊት ሲያይ እንቅልፍ አጣ። የእኔ መዝገብ ላይ የሽማግሌው በሬ ‘ዕዳ ተመልሷል፣ መቶ በመቶ’ ተብሎ ነው የተጻፈው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቁጥሩ እውነት ነበር። ወረዳችን በዚያ ዓመት ተመሰገነ።

ዋንግ አንሺ በ1075 መጀመሪያ እንደገና ተጠራ፣ ግን ድሮ የነበረው ነገር አልነበረም። በሌለበት ጊዜ ሉ ሁዊቺንግ መመለሻውን ሊዘጋበት ሞክሮ ነበር። በ1076 ልጁ ዋንግ ፓንግ ሞተ፣ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ፣ የሥራው ተካፋይ የሆነ ልጅ። አባትየው ከዚያ በኋላ ለመቆየት አልፈለገም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለሁለተኛ ጊዜ ለቆ ወደ ጂያንግኒንግ ሄደ። እዚያ ሳለ ብቻውን ተቀምጦ ‘የፉጂያኑ ሰው’ የሚሉ ፊደሎችን ደጋግሞ ይጽፍ ነበር ይባላል።

ናንጂንግ ስኖር ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለውን ተራራ እወጣ ነበር። ዛሬ ‘ሐምራዊው ተራራ’ ይሉታል፤ ያኔ ዞንግሻን ነበር ስሙ። ዋንግ አንሺ ቤቱን የሠራው ከከተማው በር 7 ሊ፣ ከተራራውም 7 ሊ በሆነ ቦታ ነው፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወዲህም ወዲያም። እኩሌታ መንገድ ላይ ስለሆነ ባንሻን፣ ‘የተራራው እኩሌታ’ ተባለ። በዙሪያው ጎረቤት የለም። ቤቱ ከነፋስና ከዝናብ ይከልላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም፤ ሲያዩት የመንገደኛ ማረፊያ ይመስላል። አጥር የለውም። አጥር እንሥራልህ ሲሉት መልስ አይሰጥም።

እዚያ ግጥም ጻፈ። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተራራው ላይ ስንወጣ ሁሉም ቻይናዊ ሕፃን የሚያውቀውን፣ በግንብ ጥግ በብርድ ስለሚያብብ አበባ የተጻፈውን አራት መስመር በቃሉ ነገረኝ። ሌላም አጫወተኝ። ጀልባውን ጓዡ ላይ አስሮ በጻፈው ግጥም ‘የጸደይ ነፋስ እንደገና ደቡቡን ዳርቻ…’ የሚል መስመር አለ። ነፋሱ ዳርቻውን ምን አደረገው? መጀመሪያ ‘ደረሰ’ ጻፈ፣ ሰረዘው። ‘አለፈ’፣ ሰረዘው። ‘ገባ’፣ ‘ሞላ’፤ አሥር ያህል ቃል ሰርዞ ‘አረንጓዴ አደረገው’ ላይ ቆመ። ለአንድ ቃል እንዲህ የሚሰርዝ ሰው ሕጉን ለመሰረዝ ለምን ከበደው እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ።

በ1084 ሱ ሺ፣ በግጥሞቹ ምክንያት ታስሮና ተግዞ ከነበረበት ሲመለስ፣ በጂያንግኒንግ አለፈ። ሱ ሺ ሲታሰር ዋንግ አንሺ ከጡረታው ሆኖ ‘በደግ ዘመን ባለተሰጥኦ ይገደላል እንዴ’ ብሎ እንደላከ ይነገራል። ሁለቱ ለአሥራ አምስት ዓመት ተቃዋሚዎች ነበሩ። ዋንግ አንሺ የገበሬ ልብስ ለብሶ በአህያ ወንዙ ዳር ድረስ ሄዶ ተቀበለው። ሱ ሺ ቆብ ሳያደርግ ወጥቶ እጅ ነሣ፣ ዛሬ በተራ ልብስ ታላቁን ሹም ለማየት ደፈርኩ አለ። ዋንግ አንሺ ሥርዓት ለእንደኛ ዓይነት ሰዎች ነው የተሠራው? ብሎ ሳቀ። ግጥም ተቀባበሉ፣ ተራራውን አብረው ወጡ። ሱ ሺ በጻፈለት ግጥም ውስጥ፣ አንተን ለመከተል አሥር ዓመት ዘግይቻለሁ የሚል አለ።

በቀጣዩ ዓመት ሼንዞንግ በ36 ዓመቱ ሞተ። ሲማ ጉዋንግ ሽማግሌና በሽተኛ ሆኖ ተመለሰ፣ ሥልጣኑንም ያዘ። ሕጎቹን አንድ በአንድ ሻረ። በ1086 መጀመሪያ ወደ ጉልበት ግዳጁ ሕግ ደረሰ። ከዚያ በፊት ቤተሰቦች በተራ ያለ ክፍያ የመንግሥት ዕቃ ይጠብቁና ያጓጉዙ ነበር፤ የጠፋውን ከኪሳቸው ይተካሉ። በዘመኑ ለንጉሡ ከቀረቡ ዘገባዎች አንዱ፣ አንድ አባት ልጁ ከዚህ ግዳጅ እንዲተርፍ ራሱን ሰቀለ ይላል። ዋንግ አንሺ ይህን በገንዘብ ተክቶ፣ መንግሥት ሰው ቀጥሮ እንዲያሠራ አደረገ። ከሕጎቹ ሁሉ ከጥሩዎቹ አንዱ ነበር እላለሁ። ሱ ሺ ራሱ፣ የድሮ ተቃዋሚው፣ ይህስ ይቆይ፣ አይሻር ብሎ ከሲማ ጉዋንግ ጋር ተከራከረ። ሲማ ጉዋንግ አልሰማም። በአምስት ቀን ውስጥ ሁሉም ወደ ድሮው ይመለስ አለ። ለወዳጁ ‘ምክር አትሰማም’ ብሎ የጻፈው ያው ሰው ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ሁለቱም ግን ከካይፌንግ ሆነው ነው የወሰኑት።

ወሬው ባንሻን ሲደርስ ዋንግ አንሺ፣ ሌላው ሲሻር ዝም ያለው፣ ደንግጦ “ይህም ተሻረ?” አለ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሞተ። ሲማ ጉዋንግ በታመመበት አልጋ ሆኖ፣ ጽሑፉና ንጽሕናው ከሰው በላይ ነበር፣ በክብር ይቀበር ብሎ ጻፈ፤ እሱም ዓመቱ ሳያልቅ ተከተለው። የዋንግ አንሺን የክብር ማዕረግ አዋጅ የጻፈው ሱ ሺ ነው።

ከመጨረሻዎቹ ዓመታቱ አንድ ነገር ተጽፎ ቀርቷል። በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ አህያ ላይ ተቀምጦ ከቤቱ ይወጣል፤ አህያውን የሚስብ አንድ ሰው አብሮት አለ። እንግዳ መጥቶ ወዴት ነው የሚሄዱት ብሎ ሳቢውን ጠየቀው። ሳቢው ከፊት ከሆነ ሳቢው ወደሚወስዳቸው፣ ከኋላ ከሆነ አህያው ወደሚወስዳቸው ነው አለ። መቆም ሲፈልጉ ይቆማሉ፣ ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ ገበሬ ቤት ይገባሉ። ከረጢት ውስጥ አሥር ያህል ቂጣ ይዘው ይወጣሉ፤ እሳቸው ይበላሉ፣ የተረፈውን ለሳቢው ይሰጣሉ፣ ከሳቢው የተረፈውን ለአህያው። አንዳንዴ ደግሞ ማሳ ላይ ያሉ ሰዎች ምግብና መጠጥ ይዘው ይመጣሉ፣ እሳቸውም ተቀብለው ይበሉላቸዋል።